መንጃ ፈቃድ የሌለው አሽከርካሪ

ሰውየው «አሽከርካሪው» ይባላል። መኪና የለውም፤ መንጃ ፈቃድም የለውም። በወጣትነቱ ብስክሌት ሞክሮ ከስልክ እንጨት ጋር ከተጋጨ ወዲህ፣ ጎማ ያለው ነገር ላይ የሚወጣው ሌላ ሰው ሲነዳለት ብቻ ነው። ስሙን ያወጡለት የሚስቱ የሥራ ባልደረቦች ናቸው።

ሚስቱ የአውቶቡስ ጣቢያ ድምፅ ናት። ከጣቢያው በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማይክሮፎኑን ፊቷ ደቅና «የመስመር አሥራ አራት ተሳፋሪዎች፣ በር ሁለት» ስትል ትውላለች። እዚያ ሁሉም «እትዬ መስመር» ይሏታል። አንድ ቀን ሻይ ላይ ትኬት ቆራጩ ባሏ ምን እንደሚሠራ ጠየቃት። እሷም ቤቷ የምትሰማውን እንደ ወረደ ነገረችው።

«ሞለኪውል ያሽከረክራል።»

ትኬት ቆራጩ ሞለኪውልን አዲስ የገባ የጭነት መኪና አድርጎ ተረዳው። «ስንት ኩንታል ይጭናል?» አላት።

«ምንም አይጭንም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉት ገዙት?»

ይህን ጥያቄ እሷም ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ በልቧ ስታመላልሰው ኖራለች። ከዚያ ወዲህ ባልዬው ጣቢያው ብቅ ባለ ቁጥር ሹፌሮቹ ብድግ ብለው ቦታ ይለቁለታል፤ ስለ ፍሬንና ስለ ፍሪሲዮን ያማክሩታል። እሱ ደግሞ ሰው ማሳፈር የማይሆንለት ሰው ነው፣ በሁለቱም ትርጉሙ። ራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሰምቶ «ዘይቱን እዩት» ብሎ ይሄዳል። የሚገርመው ብዙ ጊዜ ችግሩ ዘይቱ ሆኖ ይገኛል።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ ከወሬው ሌላውን ጫፍ ይዟል። «ከዲሽ ጋር ነው አሉ ሥራው» ተብሎ ተወርቶ፣ ቴሌቪዥኑ በረዶ የመሰለ ነገር ባሳየ ቁጥር አንዱ ጎረቤት ሪሞቱን ይዞ በሩን ያንኳኳል። አሽከርካሪው እኔ የማውቀው ሌላ ዲሽ ነው ብሎ ማስረዳቱን ከተወ ቆይቷል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን ወዲህ ወዲያ ያደርግና «አሁንስ?» ይላል። እንደ ሌላው ሰው ማለት ነው።

እውነተኛ ሥራው ይኸውላችሁ። በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ውስጥ ከሰው ቁመት የሚረዝም የመስታወት ቱቦ አለው። የቱቦውን አየር በፓምፕ ይመጥጥና፣ በባዶው ውስጥ የአንድ ነገር ትነት ቅንጣት ታህል ይለቅበታል። ሞለኪውሎች እንዲህ ባዶ ቦታ ሲያገኙ ይሽከረከራሉ፤ ግን እንዳሻቸው አይደለም። እያንዳንዱ ዓይነት የተፈቀደለት የፍጥነት ደረጃ አለው። ከላይኛው ወደ ታችኛው ሲወርድ የራሱ ብቻ የሆነች ቁርጥ ያለች የራዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ ሲወጣም ያቺኑ ይውጣል። ጎረቤት ከአጥር ውጭ ሲያስል ማን እንደሆነ በሳሉ ይታወቅ የለ? አሽከርካሪው የሞለኪውሎችን ሳል አንድ በአንድ ይለካል። ራቅ ያለ ተራራ ላይ ያሉት የትልቁ ዲሽ ሰዎች ደግሞ በከዋክብት መሀል ባለው ደመና ውስጥ ማን እንደሚያስል ያዳምጣሉ። እሱ አስቀድሞ ካልለካላቸው የሰሙት ሳል የማን እንደሆነ አያውቁም።

ሞገዷ በኮምፒውተሩ ላይ ቀጭን ሆና ስትታይ የሙያው ሰዎች «መስመር» ይሏታል። እንግዲህ ባልና ሚስቱ ሁለቱም እንጀራቸው መስመር ነው። እራት ላይ እሱ «ዛሬ ሁለት አዲስ መስመር አገኘሁ» ይላል። እሷ «እኔ ጋ አንዱ ጎማ ፈንድቶበት ቀረ» ትላለች። እንዲህ ተግባብተው ነው ልጆች አሳድገው የዳሩት። አንዴ የኤሌክትሪክ ቻርጁ በእኩል የተከፋፈለ፣ ሚዛኑን የጠበቀ ሞለኪውል ቢሽከረከር ቢሽከረከር እንደማይሰማ፣ የሚሰማው ወደ አንድ ወገን ያጋደለው ብቻ እንደሆነ ሊያስረዳት ሞከረ።

«ይኼማ የመሥሪያ ቤት ሕግ ነው» አለችው።

የእሱ ዕጣ የሆነው ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ድኝ ያሉበት ትንሽዬ ሞለኪውል ነው። ሙሉ ስሙ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር «ጎባጣው» ይለዋል። ጎባጣው ይሸታል። ይሸታል ሲባል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የበሰበሰ ሽንኩርት ከተቃጠለ ጎማ ጋር ተጋብቶ ልጅ ቢወልድ፣ ልጁ በጎባጣው ፊት አፍንጫውን ይይዛል። ጠርሙሱን የከፈተ ዕለት አሽከርካሪው አውቶቡስ ላይ በግራም በቀኝም ሰው አይቀመጥበትም። ሚስቱ ግን በሥራ መውጫ ሰዓት ከሌላ ጣቢያ እዚያው አውቶቡስ ላይ ስትሳፈር ሁልጊዜ አጠገቡ መቀመጫ ታገኛለች፤ ስለዚህ ብዙም አታማርርም።

ጎባጣው ሰማይ ላይ መኖር አለበት ተብሎ በወረቀት ተሰልቷል። ሰምቶት የሚያውቅ ግን የለም። አሽከርካሪው መስመሮቹን ሲለካ፣ ደግሞ ሲለካ፣ የለካውን ሲያርም ፀጉሩ ሸበተ፤ ከዚያ ደግሞ የሸበተውም አለቀ። እነሆ ጡረታው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ዲሹ አንድ ቀን ሰጠው። አንድ ብቻ።

አለቃው በዕድሜ ከእሱ የሚያንስ፣ ንግግሩን ሁሉ «ዞሮ ዞሮ» ብሎ የሚጠቀልል ሰው ነው። ስሙም ዞሮ ዞሮ ሆኖ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ እኔ ሥራዎን አከብራለሁ» አለው ቀኑ በተቆረጠ ጊዜ። «ከተሰማ ቱቦው እዚህ ይቀጥላል፤ ወጣቶችም ይቀጠሩበታል። ካልተሰማ ግን፣ ዞሮ ዞሮ፣ ክፍሉን ለአዳራሹ ወንበሮች እንፈልገዋለን።»

ይህን ሲል ወንበሮቹ መግባት ጀምረው ነበር። ፕላስቲክ ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ከበሩ ጀምሮ ወደ ቱቦው እየተጠጉ መጡ። አሽከርካሪው ማለዳ ሲገባ በጉልበቱ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፤ ሁለቱ ተሸካሚዎች ከምሳ በኋላ መልሰው ያስጠጓቸዋል። ማንም ለማንም ክፉ ቃል አልተናገረም።  አሽከርካሪውን ያስከፋው ጡረታ መውጣቱ አልነበረም፤ ቱቦው ተነቅሎ ዕድሜውን ሙሉ ያዳመጠበት ቦታ የወንበር ማከማቻ መሆኑ ነው።

ቀኑ በደረሰ ጊዜ ጥርሱ ተነሳበት።

ሌሊቱን ሲያቃስት አድሮ ማለዳ ሚስቱ እየጎተተች ወደ ታናሽ ወንድሟ ወሰደችው፤ ወንድምዬው የጥርስ ሐኪም ነው። አማቾቹ ይዋደዳሉ፤ ሐኪሙም በጣም ስለሚወደው እንዳያመው ብሎ ግራውን አደነዘዘለት። ከዚያ ጥርሱ ያለው በቀኝ መሆኑ ታየና ቀኙንም አደነዘዘለት። ጥርሱ ምንም ሳይሰማው ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን አገጩ የራሱ አልሆነም፤ ምላሱም አፉ ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀመጠ።

«ለግማሽ ቀን ያህል መናገር ይከብደዋል» አለ ሐኪሙ ለእህቱ።

«ከወትሮው ብዙም አይለይም» አለች እህትዬው። ያም ሆኖ ፈቃድ የወጣችበት ቀን ስለነበር እሱን ደግፋ እስከ ምድር ቤቱ ድረስ ሸኘችው።

አሽከርካሪው ቁጥር ማረም የማይጠግብ ሰው ነው። ለዲሹ ሰዎች የመጨረሻዎቹን ትክክለኛ ቁጥሮች በዚያኑ ማለዳ በኢሜይል ሊልክ አቆይቷቸው ነበር። ኮምፒውተሩን ሲከፍት ኢንተርኔት የለም። መንገድ ቆፋሪዎች ደጅ ላይ ገመዱን በጥሰው ጉድጓዱ ዙሪያ ቆመው እርስ በርስ ይካሰሳሉ። የቀረው ስልክ ነው። ስልኩን አነሳና «ሃሎ» ሊል ቢሞክር የወጣው ድምፅ የተደፈነ ቧንቧ መሰለ። የዲሹ ሰው ዘጋበት።

«አምጣው» አለች ሚስቱ። «ቁጥር ማንበብ አይደል? ለስንት ሕዝብ ሳነብ የኖርኩ ሴት።»

ጥሩ ሐሳብ ነበር። ከዚህች ሴት አፍ የወጣ ቁጥር ሰው አሳስቶ አያውቅም፤ በጣቢያው ይህን የማይመሰክር የለም። አሽከርካሪው ሦስት ቁጥር ጽፎ ሰጣት። ለምን ሦስት እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሰማዩ በሌሎች ሞለኪውሎች ጫጫታ የተሞላ ስለሆነ አንዲት መስመር ብትሰማ ማንም አያምንም፤ የሌላ ልትሆን ትችላለች። የጎባጣው ሦስት መስመሮች ግን አብረው ካልሆነ የማይወጡ እህትማማቾች ናቸው። ሦስቱም ከተገኙ ጎባጣው አለ። አንዷ ከጎደለች፣ የተገኙትም ሁለቱ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው።

ሚስትዬዋ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ የጣቢያውን ድምጿን አውጥታ ቁጥሮቹን አነበበች። ጥርት ያለ፣ ቀስ ያለ፣ የሚያምር ንባብ ነበር። አሽከርካሪው ግን ከንባቡ አንዱንም አልሰማም። መቀበያው ጆሮዋ ላይ ነበር፤ ፓምፑ ጎኑ ያጓራል፤ እሱም በመስታወት ከንፈሩ ከቦታው መኖሩን እያጣራ ነበር። የዲሹ ሰው «ተቀብያለሁ እትዬ» አለና ዲሹ ወደ ደመናው ዞረ። ራዲዮ ቀንና ሌሊት አይለይም፤ ደመናው ከሰዓት በኋላ ከኮረብታው ጀርባ እስኪገባ ጠራራ ፀሐይ ላይም ይደመጣል።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሁለቱ ተሸካሚዎች ወንበር ይዘው መጡ፣ የሰዎቹን ፊት አዩና ይዘው የመጡት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዞሮ ዞሮም ወርዶ በር ላይ ቆመ። በመጨረሻ ስልኩ ሲጮህ ሚስትዬዋ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«የመጀመሪያዋ አለች» አለ የዲሹ ሰው። «ትንሽ ናት፤ ግን አለች። ሁለተኛዋም አለች። ሦስተኛዋ ግን የለችም።»

«ደህና አድርገው አይተዋል?» አለች ሚስትዬዋ።

«አይቻለሁ እትዬ። ሜዳ ነው። ጠረጴዛ ነው። አዝናለሁ።»

  አንዷ ከሌለች ሁለቱም የጎባጣው እንዳልሆኑ በዚያ ክፍል ውስጥ አሽከርካሪውን የሚያህል የሚያውቅ የለም። ቀስ ብሎ ከፕላስቲክ ወንበሮቹ አንዱ ላይ ተቀመጠ፤ እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ተቀምጦባቸው አያውቅም ነበር።

«እንግዲህ፣ ዞሮ ዞሮ...» አለ አለቃው፤ እሱም አዝኖ ስለነበር አልጨረሰውም።

ሚስትዬዋ ስልኩን ልትዘጋ ነበር። ግን በጣቢያው ልማድ ቁጥር የተቀበለ ሰው ሳይደግም ስልክ አይዘጋም። ማለዳ በጥርሱ ጣጣ ረስታው ኖሮ አሁን ትዝ አላት። «ለደንቡ ያህል የመጨረሻዋን ቁጥር ይድገሙልኝ» አለች።

«ሰማንያ ሁለት ሺህ አራት መቶ ስልሳ።»

አሽከርካሪው ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። «ሸላሻ» አለ።

«አዎ ጋሼ፣ ስልሳ» አለ የዲሹ ሰው።

«ሸላሻ።»

«ስልሳ፣ እሱ ላይ ነው ያዳመጥነው።»

አሽከርካሪው ወረቀቱን ነጥቆ የሚስቱ ዓይን ሥር አመጣውና ጣቱን የቁጥሩ ጫፍ ላይ ተከለ። ወረቀቱ ላይ 82,430 ይላል። ሚስትዬዋ አየችው፤ «ሰማንያ ሁለት ሺህ አራት መቶ ስልሳ» ብላ አነበበች። ጣቱን ደግሞ ተከለ። እሷም ደግማ «ስልሳ» አለች፣ ሰውዬው ለየለት እያለች በልቧ። እሱ የወረቀቱን ጀርባ ገልብጦ በትልቁ 30 ብሎ ጻፈ።

«ስልሳ» አለች።

ባልዬው ብዕሩን ጥሎ አሥር ጣቶቹን ዘረጋ፤ አጠፈ። ዘረጋ፤ አጠፈ። ዘረጋ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጮክ ብሎ ቆጠረለት፤ «አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ።»

ሚስትዬዋ ወረቀቱን አየች። ጣቶቹን አየች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለዋወጠ።

«ሠላሳ ተሰርዟል እኮ» አለች፣ በሹክሹክታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጣቢያው መስመር ሠላሳ የሚባል አውቶቡስ ነበር። ድልድዩ ሲፈርስ ተሰረዘና ተሳፋሪው ሁሉ በስልሳ እንዲሄድ ተባለ። ሰሌዳውን የሚቀባው ሠራተኛ ግን ነገ እመጣለሁ እንዳለ ቀረ። ስለዚህ እትዬ መስመር ሰሌዳው ላይ 30 ባየች ቁጥር «ስልሳ» እያለች ስትጠራ ኖረች፤ ዓይኗ ሠላሳ ሲያይ ምላሷ ሳያስፈቅዳት ስልሳ ማለት ለመደ። በቅርቡ የአስቤዛ ወረቀቷን ለባለ ሱቁ በስልክ ስታነብለት በሠላሳ እንቁላል ፋንታ ስልሳ ተልኮ ቤተሰቡ ጠዋትም ማታም እንቁላል የበላው በዚሁ ነው። ያኔ ጥፋቱ የባለ ሱቁ ነው ተብሎ ነበር።

አሁን ግን የሚቆጣ አልነበረም፤ ጊዜም አልነበረም። «የእኔ ወንድም» አለች ወደ ስልኩ፣ «ሠላሳ ነው። ስልሳ አይደለም።»

«እትዬ፣ ዲሹን ለቀጣዮቹ ሰዎች እያዞርን ነው» አለ የዲሹ ሰው። «ደመናውም ሊገባ ትንሽ ነው የቀረው። ለመመለስ ደግሞ የእናንተ አለቃ ቃል ያስፈልጋል።»

ሁሉም ወደ ዞሮ ዞሮ ዞሩ። ዞሮ ዞሮ ስለ ደንብ፣ ስለ ተቋማት ግንኙነት፣ ስለ ተጻፈ ጥያቄ አንዳንድ ነገር ጀመረ። ከሩቅ ነው የጀመረው፤ መድረሻው ገና ነበር። አሽከርካሪው አለቃውን በሁለት እጁ ክንዱን ያዘው። የሚለው ብዙ ነበር፤ የወጣው ግን «ሻ፣ ሻ» ብቻ ሆነ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ይህን ያየች ሚስት ከዚያ በላይ አልታገሠችም። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ጀርባዋን ቀና አደረገች።

«ውድ ተሳፋሪዎች» አለች። ምድር ቤቱ አስተጋባ። «ተሰርዞ የነበረው መስመር ሠላሳ፣ ሦስት ጊዜ አሥር፣ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። በስልሳ የተሳፈራችሁ በሙሉ ወርዳችሁ ወደ ሠላሳ እንድትዛወሩ በትህትና እንጠይቃለን። ላጠፋነው ጊዜ ይቅርታ።»

ሁለቱ ተሸካሚዎች ሳያስቡት ተነስተው ወደ በሩ አመሩ። ዞሮ ዞሮ እንኳ መንገድ ለቀቀላቸው። በስልኩ ውስጥ «እሺ እትዬ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከእሱ ቀጥሎ የአንድ ትልቅ ብረት ማጓራት። አለቃው «እንግዲህ ዞሯላ፣ ይዙር» አለ። ያ የአለቃ ቃል ሆኖ ተቆጠረ።

አሁን ማንም አልተቀመጠም። የሰማይ ድምፅ በአንዴ አይመጣም፤ ከጫጫታው ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየተጠራቀመ ነው የሚለየው። የዲሹ ሰው ስልኩን ሳይዘጋ የሚያየውን ይነግራቸው ነበር።

«ገና ነው» አለ።

ቆየት ብሎ፣ «ገና ነው።»

አሽከርካሪው አንድ እጁን ቱቦው ላይ አሳረፈ። ፓምፑን አጥፍቶት ስለነበር ክፍሉ ጭር ብሏል።

«የሆነች ነገር ጉብ ብላለች» አለ የዲሹ ሰው። «ምንም አልልም፤ ልትጠፋ ትችላለች።»  ሚስትዬዋ የባሏን እጅ ያዘች። «አልጠፋችም» አለ የዲሹ ሰው። «እያደገች ነው። ጋሼ፣ አለች። እዚያው ሠላሳው ላይ ቁጭ ብላለች። እንዲያውም ከሦስቱ ትልቋ እሷ ናት።» ጥቂት ቆይቶ ደመናው ከኮረብታው ጀርባ መግባቱን ተናገረ፤ የተቀዳው ግን በቂ እንደሆነ አረጋገጠላቸው።

ዞሮ ዞሮ መጀመሪያ የአሽከርካሪውን፣ ቀጥሎ የሚስቱን፣ ቀጥሎ የሁለቱን ተሸካሚዎች እጅ ጨበጠ። የሚጠቀልልበት ቃል ጠፍቶት ወደ ላይ ወጣ። ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩና፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ከወንበሮቹ የቻሉትን ያህል ተሸክመው ተከተሉት።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ። አሽከርካሪው ቆሞ ያለቅሳል፤ አፉ ስለደነዘዘ ለቅሶው ከንፈሩ ላይ አይታይም፤ እንባው ብቻ አገጩ ላይ ይወርዳል፤ እሱም አይሰማውም። ሚስቱ በመሐረቧ ጠረገችለት። ልትስቅ ነበር፤ ግን እሷም ድምጿ ተሰበረ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «አትቀየመኝ። እኔ እኮ ጎባጣው የለም ብዬ አስብ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ስታወራልኝ አንድም ቀን አለ ብዬ አላውቅም። አንተን ላለማስከፋት ነው እሺ፣ እሺ ስልህ የኖርኩት እንጂ አላመንኩም ነበር።»

አሽከርካሪው አያት። ምላሱን አንቀሳቀሰ፤ ከንፈሩን አሟሸ፤ አንድ ቃል አበጅቶ ለማውጣት ብዙ ታገለ። በዚያን ቀን ከአፉ ጥርት ብሎ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

«እኔም» አላት።